የስትሮክ ሕመምተኛ አንደበቱም ይመርመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ በሆስፒታልም፣ በቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ስታዘበው የቆየሁትን አንድ ጉድለት ኃላፊ ያለበት ሁሉ እንዲያነበው እጽፋለሁ። በስትሮክ የተያዘ ሰው ደም ግፊቱ ይለካል፣ ሲቲ ስካን ይነሣል፣ እጅና እግሩን አንቀሳቅስ ይባላል። ንግግሩ፣ ድምፁና መዋጥ መቻሉ ግን ብዙ ጊዜ በወጉ ሳይታይ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የመጀመሪያው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያ ሩብ ሰዓት ሲነፈገው ግን ሰው ልቡናው ሳይጎድል ከሰው ቁጥር ይወጣል።

ባለቤቴ ልጅነቱን በአብነት ትምህርት ቤት ያሳለፈ፣ ኋላም ማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት የሠራ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ሊታጠብ ሲነሣ ቀኝ እጁ ከዳው፤ አፉ ተጣመመ፤ ሊናገር ሲሞክር የሚጨበጥ ቃል አልወጣ አለው። ጎረቤት ተሰብስቦ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽለት ቢልም ልጆቻችን ወዲያው መኪና ጠርተው አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አደረሱት። አፍ ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲበላሽ ለደቂቃም መዘግየት እንደማይገባ ያውቁ ነበር። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። ሲቲ ስካኑ ጉዳቱ በግራ የአንጎሉ ክፍል መሆኑን አሳየ። የግራው አንጎል ቀኝ ጎንን ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ የቋንቋም መቀመጫ እሱ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጁ የሰለለ ሕመምተኛ ሲመጣ ቋንቋውም ሳይነካ እንዳልቀረ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በማግስቱ ሐኪሞቹ ለዙር ሲመጡ ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ቃል አልተዛነፈችም። ወጣቱ ሐኪም ቆም ብሎ አዳመጠ፣ ደስ አለው፣ "ንግግራቸው ደህና ነው" አለና ካርዱ ላይ ጻፈው። ተከትለውት የነበሩት ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፉ። ወዲያው ባለቤቴ በግራ እጁ ወደ ውሃው ጠርሙስ እያመለከተ "ያ... ያንን... ጫማ... ያንን ጫማ" ይለኝ ጀመር። ውሃ ማለት አቃተው። ቃሉ ልክ እንዳልሆነ ደግሞ ራሱ ያውቃል፤ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ደጋግሞ ያው ጫማ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ባለሙያም ጠይቄአለሁ። በልብ የተጠና ነገር ከተራ ንግግር በተለየ መንገድ ይወጣል። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ሰላምታ፣ እርግማን ሳይቀር ቋንቋው በተጎዳ ሰው አፍ ላይ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም የመረመረው ሌቦርኝ የተባለ ሕመምተኛ ቢሴትር ሆስፒታል ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ሰው ነበር። ለጠየቁት ሁሉ መልሱ "ታን፣ ታን" ብቻ ነበር፤ ሲናደድ ግን አንድ የመሐላ ሐረግ ተስተካክሎ ይወጣው ነበር። የተባለውን ይረዳል፣ ቁጥር ሲጠየቅ በጣቱ ይመልሳል። ከሞተ በኋላ ብሮካ አንጎሉን ሲያየው ጉዳቱ በግራ በኩል ከፊተኛው ክፍል ተገኘ። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ሌላውን ዓይነት ገለጸ፤ ቃል ሳያጥራቸው አከታትለው የሚናገሩ፣ ንግግራቸው ግን ትርጉም የማይሰጥ፣ የሰውም ቃል በቅጡ የማይገባቸው ሕመምተኞች። ሁለቱም አፌዥያ ይባላሉ፤ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የቋንቋ መታወክ ማለት ነው። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል። እንግዲህ የቆየና በብዙ የሚታይ ችግር ከሆነ፣ ሐኪም የሕመምተኛውን ጸሎት ሰምቶ ንግግሩን መርምሬአለሁ ማለት የለበትም። መጠየቅ፣ ማስጠራት፣ ማስደገም፣ ማዘዝ አለበት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሆነውን ደግሞ በምስጋና ነው የማነሣው። ጠያቂ ዘመድ ትኩስ አጥሚት በቴርሞስ ይዞ መጣ። ባለቤቴ በጀርባው እንደተንጋለለ በማንኪያ ሊያጎርሱት ሲሉ ተረኛዋ ሲስተር ሮጣ ደረሰች። መጀመሪያ ትራስ ደርድራ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። "አ" በል አለችው፤ ድምፁን ሰማች። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ውሃ ሰጠችው፣ ማንቁርቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ሲውጥ አየች፣ እንደገና "አ" አስባለችው። ሁለተኛው "አ" ከመጀመሪያው ይለያል፤ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስል ይንቦጫቦጫል። ትን ሳይለው፣ ሳያስለው ነው እንግዲህ። "ይሄ ድምፅ ሲሰማችሁ የወረደው ወደ ሆድ ላይሆን ይችላል" አለችን። ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ምግብና ውሃ የሳምባ ምች ያመጣል፤ በስትሮክ የተያዙ ብዙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው የሳምባ ምች ነው። የሚወደውን ሕመምተኛ በእጁ ማጉረስ ለኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን እንዲተው አልልም። ግን በስትሮክ የተያዘ ሰው አዋዋጡ ሳይታይ ጠብታ ውሃ እንኳ በአፉ እንዳይገባ በየክፍሉ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ የስንቱ ነፍስ በተረፈ። ሲስተሯ ይህን የምታውቀው ሌላ ቦታ ሠልጥና መሆኑን ነግራኛለች። በሌላ ሰው ተራ ቢሆን ኖሮ አጥሚቱ መውረዱ ነበር።

በክፍሉ የተኙትን ሌሎች ሕመምተኞች ሳይ የንግግር ችግር ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ተረዳሁ። ከባለቤቴ ቀጥሎ የተኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ምላሱና ከንፈሩ ዝለዋል፤ ሲናገር የሰከረ ይመስላል፤ የሚለውን ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ነገር ግን ደብተር ስሰጠው ዓረፍተ ነገሩን አሳምሮ ጻፈልኝ። እሱ ቃል አልጠፋበትም፤ የጠፋው ቃሉን የሚሠራው ጡንቻ ጉልበት ነው። ባለቤቴ ግን እስክሪብቶ ቢሰጠውም ትርፍ የለውም፤ ከአፉ የጠፋው ቃል ከእጁም ጠፍቷል። "መናገር ካልቻለ ይጻፍ" የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ማዶ የተኛው ሦስተኛው ሰው ደግሞ ቃሉም አነጋገሩም ደህና ሆኖ ድምፁ ሰልሏል፤ ከሹክሹክታ አይበልጥም፣ ሲያስልም ሳሉ ጉልበት የለውም። የሱ ስትሮክ የአንጎል ግንድ ላይ ነው፤ የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚነሣው ከዚያ ነውና አንዱ አውታር ሽባ ሲሆን አየር እየሾለከ ድምፁን ያሳጣዋል። ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ትንፋሽ 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ "አ" ማለት ይችላል። እሱ ግን ጥቂት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለውን ሰው አንገት በላይ ሐኪም ማንቁርቱን በመሣሪያ ሊያየው ይገባል።

ሐኪሞች በዓለም ሁሉ ለስትሮክ የሚጠቀሙበት መመዘኛ 11 ክፍሎች ያሉት ሲሆን 9ኛው ቋንቋን፣ 10ኛው የአነጋገርን ጥራት ይለካል። ለየብቻ የተቀመጡት በሾፌሩና በባለቤቴ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ያለው ቅጽ ሳይዘለል ይሞላ ነው የምለው።

እዚህ ላይ የአማርኛ መምህርነቴ ዝም አያሰኘኝም። ከንፈርና ምላስ ለመፈተን ሐኪሞች "ፓ ታ ካ" በፍጥነት ያስደግማሉ፤ ፓ ለከንፈር፣ ታ ለምላስ ጫፍ፣ ካ ለምላስ ሥር። ጥሩ ነው። ግን የኛ ቋንቋ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ጰ አሉት። ማንቁርት ተዘግቶ፣ አየር አፍ ውስጥ ታምቆ፣ ድንገት ሲለቀቅ ነው የሚወጡት። ሾፌሩ "ጠራኝ" ሲል "ተራኝ" ነበር የሚሰማኝ፤ "ቀን" ሲል "ከን"። ፓ ታ ካን ብቻ ያስባለው መርማሪ ይህን ድካም አይሰማውም። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። "አለ" ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖሩን ይገልጻል፤ "ገና"ም ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር ነው። ማጥበቅ ያቃተው ሕመምተኛ የሚለው ነገር ለሰሚው ይምታታል። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣ መጠይቅ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሥዕሉም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቦስተን ላይ የተዘጋጀው ዝነኛ የአፌዥያ መመርመሪያ ውስጥ ያለው ሥዕል እናት ሳህን በጨርቅ ስታደርቅ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሞልቶ ሲፈስና ልጅ ከቁም ሳጥን ብስኩት ሲሰርቅ ያሳያል። የገጠር ሽማግሌ ይህን አይቶ ዝም ቢል ቃል ስላጣ ነው ወይስ እንዲህ ያለ ማዕድ ቤት አይቶ ስለማያውቅ?

ቋንቋው ራሱ የማን ነው የሚለውም አለ። በዚያው ክፍል የነበሩ አንድ አዛውንት መርካቶ ሲነግዱ ያረጁ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በጉራጊኛ ነው። ሐኪሙ በአማርኛ ሲጠይቃቸው የማይገናኝ ነገር ይመልሳሉ። ግራ ተጋብተዋል ተብሎ ተጻፈባቸው። ማታ ልጃቸው መጥቶ በጉራጊኛ ሲያናግራቸው ግን የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቁት፤ እየተንተባተቡ ቢሆንም። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አፌዥያ ሲይዘው ሁለቱም እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ ይችላሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የልጅነት ቋንቋ ይቀድማል አለ፤ ፒትር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ ሰውየው ከመታመሙ በፊት ይበልጥ የተገለገለበት ይቀድማል አለ። የትኛው እንደሚቀድም አስቀድሞ መገመት አይቻልም፤ ሕመምተኛውን በሁለቱም መጠየቅ ነው። በኛ አገር፣ ግማሽ ከተማ ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚናገርበት፣ ይህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ሲወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ የደም ግፊት መድኃኒቱ፣ አስፒሪኑ፣ የእግሩ ፊዚዮቴራፒ፣ የቀጠሮው ቀን ሁሉ አለ። ስለ ንግግሩ ግን አንድም መስመር የለም፤ ካርዱ ላይ ደህና ነው ተብሎ ተጽፏልና። ቤት ከገባን በኋላ ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ እንደ ደንቆሮ ጆሮው ላይ ይጮህበታል፤ ወይም እሱ ተቀምጦ ሳለ "ይሰማል እንዴ?" እያለ እኔን ይጠይቃል። ጃጅቷል ያሉም አሉ። ይህን ሁሉ ሲሉ እሱ እየሰማ ነው።

ከሁሉ የከፋው የውክልናው ነገር ነው። የቤታችንን ጉዳይ እንድጨርስ ውክልና ሊሰጠኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ሠራተኛዋ በትሕትና "በፈቃድዎ ነው ውክልና የሚሰጡት?" አለችው። "አዎ።" "የሚያስገድድዎ ሰው አለ?" "አዎ።" ደንግጣ ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞ አዎ አለ። ወረቀቱን አጠፈችና አእምሯቸው ልክ ስላልሆነ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚት አሹሙላቸው አለችን። ባለቤቴ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ። ሠራተኛዋን አልወቅስም፤ ሕጉ የሰውየውን ፈቃድ እንድታረጋግጥ ያስገድዳታል፤ ሌላ የምታይበት ወረቀት ደግሞ በእጇ የለም። አዎና አይደለምን ማደባለቅ አፌዥያ ባለበት ሰው ላይ የተለመደ መሆኑን የነገራት የለም። የሚረዳ መሆን አለመሆኑን መርምሮ የጻፈልንም የለም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ እኛም ያገኘናት በሰው በሰው ተጠያይቀን ነው። ማለዳ ላይ፣ ሳይደክመው፣ ጠያቂ በሌለበት ጸጥ ባለ ክፍል አስቀመጠችው። ጠረጴዛው ላይ ስኒ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍና ማበጠሪያ ደረደረች። "አባባ፣ ቁልፉን ያሳዩኝ።" አሳያት። "ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያድርጉና ቁልፉን ለባለቤትዎ ይስጡ።" ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አደረገ፣ ከዚያ ቆመ። አንድ ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ይገባዋል፣ ሁለት ሲደረብ ሁለተኛው ያመልጠዋል ብላ ጻፈች። ስኒውን አንሥታ "ይሄ ምንድን ነው?" ስትለው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። "ስ..." ብላ ጀመረችለት። "ስኒ!" አለ ወዲያው። ቃሉ አልጠፋም ማለት ነው፤ ጫፉን የሚያቀብለው ይፈልጋል። "ድር ቢያብር" ስትለው "አንበሳ ያስር" ብሎ ጨረሰላት፤ አንበሳ የተሣለበትን ካርድ ስታሳየው ግን ስሙን መጥራት አቃተው። ሥዕሉም የቤታችን ሥዕል ነው፤ ሴት ቡና ስታፈላ፣ ጀበናው ሲገነፍል፣ ልጅ ከኋላዋ መሶብ ሲከፍት። ጀበናው ላይ በጣቱ ጠቁሞ "ኧረ... ኧረ... ፈሰሰ!" አለ።

ከዚያ "ጤፍ ዛፍ ላይ ይበቅላል?" አለችው። "አዎ" አለ በአፉ፤ እጁ ግን የለም የለም እያለ ይወዛወዛል። እሷ እጁን ነው ያመነችው። አንድ ወረቀት ላይ ራይት፣ ሌላው ላይ ኤክስ ጽፋ ሰጠችው፣ እኔ ስንት ዓመት የተማሪ ደብተር ላይ ያሰፈርኳቸውን ምልክቶች። ጥያቄውን እየገለበጠች ጠየቀችው፤ ስሙን በትክክል፣ ከዚያም የሌላ ሰው ስም፤ የሚኖርበትን ከተማ፣ ከዚያም የማይኖርበትን። በጣቱ እየመረጠ ሁሉንም በትክክል መለሰ። በደብዳቤዋ ላይ ይህ ሰው አጭርና ግልጽ ጥያቄ ሲቀርብለት እንደሚረዳ፣ የአፉ አዎ ግን ብቻውን መታመን እንደሌለበት፣ ፈቃዱ በምልክት ካርድ ሊጠየቅ እንደሚገባ አሰፈረች። ያንን ይዘን ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለስን፤ ያችው ሠራተኛ በካርዶቹ ጠይቃው ውክልናው ተፈጸመ።

እንግዲህ የጤና ሚኒስቴርንና ሆስፒታሎችን የምለምነው ይህን ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በብዛት እስኪሠለጥን ዓመታት ይፈጃል፤ ነርሶችን የአዋዋጥና የንግግር የመጀመሪያ ምርመራ ለማሠልጠን ግን ዓመታት አያስፈልጉም። ስትሮክ የያዘው ሰው ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ይረዳል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ያነባል ይጽፋል ወይ፣ በሰላም ይውጣል ወይ፣ በየትኛው ቋንቋ ተጠየቀ የሚል ቦታ ይኑረው። የቋንቋ መምህራንና ሐኪሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማሊኛ፣ ለጉራጊኛም ከቋንቋው ከራሱ የተነሣ መመርመሪያ ያዘጋጁ። ለዚህ ሥራ ጡረተኛ መምህራን በነጻ እንደምንሰለፍ እኔ እመሰክራለሁ። ንግግር ይበልጥ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት መሻሻሉ አይቆምም። ባለቤቴም ያቺን ባለሙያ ካገኘን ወዲህ ልጆቻችንን በስማቸው መጥራት ጀምሯል።

ለአስታማሚዎችም አንድ ነገር ልበል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ ሕመምተኛችሁ አፉን የፈታበትን ቋንቋ፣ ማንበብና መጻፍ ይችል እንደነበረ፣ የሚጽፈው በየትኛው እጁ እንደሆነ፣ ከመታመሙ በፊት ጆሮው ይከብደው እንደነበረ። መነጽሩንና ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከቤት አምጡለት። ጸሎት ሲደግም ከሰሙት ደግሞ ውሃ በል ብለው እንዲጠይቁት አሳስቧቸው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን